ቀይ ወርቅ፦ ስለ ረቂቅ የወርቅ ቅንጣቶች አሠራር፣ ጠባይና የንግድ ጥቅም

ወርቅ ከገበያ ዕቃዎች ሁሉ ሚዛኑና ንጽሕናው አስቀድሞ የሚጠየቅለት ዕቃ ነው። ሻጭና ገዥ ሲገናኙ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ግራሙ ስንት ነው? ካራቱስ ስንት ነው? ከነዚህ ከሁለቱ በቀር ሌላ ጥያቄ ቢነሣ የአንጥረኛውን የእጅ ሥራ የሚመለከት ብቻ ነው። አንድ ግራም ወርቅ ቀለበት ቢሆን፣ ሽቦ ቢሆን፣ ቀልጦ እንደገና ቢፈስ፣ ያው ቢጫ፣ ያው ከባድ፣ ያው የማይዝግ ወርቅ ነውና።

ሆኖም ለዚህ ደንብ የማይገዛ ወርቅ አለ። ቀለሙ ቢጫ ሳይሆን እንደ ወይን ጠጅ ቀይ ነው፤ በውሃ ውስጥ ተንሳፎ ይኖራል እንጂ ወደ ታች አይዘቅጥም፤ የሚሸጠውም በግራም ሳይሆን በቅንጣቱ መጠንና በቅንጣቶቹ እኩልነት ነው። መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ የሚነግድ ሰው ሁሉ ይህን ወርቅ ሳያውቀው ሸጦታል ቢባል ማጋነን አይደለም። በእርግዝና መመርመሪያው፣ በወባ መመርመሪያው፣ ከ2020 ወዲህም በኮቪድ መመርመሪያው ላይ ብቅ የሚለው ቀይ ወይም ሐምራዊ መስመር በአብዛኛው ተራ ቀለም አይደለም፤ ወርቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ቁልፍ ያለው በመጠን ላይ ነው። ናኖሜትር የሚባለው ልክ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። የሰው ጠጕር ውፍረቱ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። የሳይንስ ሰዎች «ናኖ ቅንጣት» የሚሉት ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ያለውን ብናኝ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ረቂቅ ቅንጣት ይባላል። 20 ናኖሜትር ስፋት ያላት አንዲት የወርቅ ቅንጣት 250 ሺህ ያህል አቶሞችን ትይዛለች። አንድ ግራም ወርቅ በዚህ ልክ ቢበተን ከ12 ሺህ ትሪሊዮን የሚበልጡ ቅንጣቶች ይወጡታል። ነጋዴውን ይበልጥ ሊያስገርመው የሚችለው ሌላው ስሌት ነው። ያው አንድ ግራም ወርቅ እንደ ዛር በአራት ማዕዘን ቢሠራ የውጭ ገጹ ሁሉ ተደምሮ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር አይሞላም፤ በ20 ናኖሜትር ቅንጣት ሲበተን ግን የገጹ ስፋት 15 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የአንድ አነስተኛ ክፍል ወለል ማለት ነው። ሌላ ነገር ሊያያዝበት የሚችለውም፣ ኬሚካላዊ ሥራ የሚሠራውም ይኸው ገጽ ነው።

የጥንት ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁ በዚህ ወርቅ ሠርተዋል። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውና በ4ኛው ምእት ዓመት በሮማውያን የተሠራው የሊኩርጎስ ዋንጫ ብርሃን ከፊቱ ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከውስጡ ሲበራበት ቀይ ሆኖ ይታያል። መስተዋቱ ሲመረመር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 40 እጅ ያህል ወርቅ፣ 300 እጅ ያህል ደግሞ ብር ተገኝቶበታል። በ17ኛው ምእት ዓመት ዮሐን ኩንክል የተባለው የመስተዋት ሠራተኛ በፖትስዳም የወርቅ ቀይ መስተዋት ይሠራ ነበር። የዚህ መስተዋት ጠባይ እንግዳ ነው፤ መጀመሪያ ሲቀዘቅዝ ቀለም የለውም፤ እንደገና በእሳት ሲሞቅ ግን የተበተኑት የወርቅ አቶሞች እየተሰበሰቡ ቅንጣት ስለሚሆኑ ቀይነቱ ይወጣል። በ1685 አንድርያስ ካሲየስ ወርቅን ከቆርቆሮ ጨው ጋር አዋሕዶ ሐምራዊ ቀለም ስለ ማውጣት የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ፤ ቀለሙም እስከ ዛሬ «የካሲየስ ሐምራዊ» ይባላል። በ18ኛው ምእት ዓመት በቻይና ሸክላ ዕቃዎች ላይ የታየው የጽጌረዳ ቀለምም ከዚሁ ወርቅ የወጣ ነው። ስለዚህ ረቂቅ ወርቅ በንግድ መርከብ መጓዝ የጀመረው ስም ሳይወጣለት ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ምንነቱ በትክክል የጠየቀው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው። ፋራዴይ በኤሌክትሪክ ምርምሩ የታወቀ ሊቅ ሲሆን፣ በ1857 በለንደን ለሮያል ሶሳይቲ ስለ ወርቅና ስለ ብርሃን ያደረገውን ምርምር አቀረበ። የወርቅ ጨው በውሃ ካሟሟ በኋላ ፎስፎረስ ሲጨምርበት ፈሳሹ እንደ ሩቢ ዕንቍ ቀይ ሆነ። ፋራዴይ ይህ ፈሳሽ እንደ ስኳር የሟሟ ነገር እንዳልሆነ የተረዳው በቀላል ዘዴ ነበር። አንድ የብርሃን ጨረር በፈሳሹ ውስጥ ሲያሳልፍ፣ በጨለማ ቤት በመስኮት የገባ ጨረር በአቧራ ላይ እንደሚታይ ሁሉ፣ የብርሃኑ መንገድ በግልጽ ታየው። ስለዚህ በውሃው ውስጥ ያለው እጅግ የደቀቀ የወርቅ ብናኝ ነው፤ ቀለሙም ከብናኙ ማነስ የመጣ ነው ብሎ ደመደመ። በፈሳሹ ላይ ጥቂት የገበታ ጨው ሲያደርግበት ቀዩ ወዲያው ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥም መዘገበ። የሠራቸው አንዳንድ ናሙናዎች እስከ ዛሬ በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ቀይነታቸውም አልጠፋም። አንድ የፈሳሽ ዕቃ ከአንድ መቶ ስልሳ ዓመት በላይ ሳይበላሽ መቆየቱ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ላለው ሰው ልብ የሚባል ነገር ነው።

ከፋራዴይ በኋላ ሪቻርድ ዢግሞንዲ በየና ከተማ ሳለ ከዚደንቶፕፍ ጋር ሆኖ እጅግ ረቂቅ ብናኞችን በብርሃን ነጥብ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ሠራ፤ የ1925 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትም ተሰጠው። በ1908 ደግሞ ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ የቀለሙን ምክንያት በሒሳብ አስረዳ።

ሒሳቡ ረጅም ቢሆንም ፍሬ ነገሩን በአጭሩ መናገር ይቻላል። በወርቅ ውስጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ቅንጣቷ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ባነሰች ጊዜ፣ ብርሃን ሲመታት ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ በአንድነት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ፤ ልክ በትሪ ላይ ያለ ውሃ ትሪው ሲነቀነቅ እንደሚናወጠው ማለት ነው። ይህ ውዝዋዜ ከአንድ ዐይነት ብርሃን ጋር ይስማማል፤ ያንን ብርሃን ቅንጣቷ ትውጠዋለች። በ20 ናኖሜትር ቅንጣት የሚዋጠው የሞገዱ ርዝመት 520 ናኖሜትር ያህል የሆነው አረንጓዴው ብርሃን ነው፤ አረንጓዴው ሲወሰድ ለዐይን የሚተርፈው ቀዩ ነው። ቅንጣቷ እያደገች ስትሄድ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ሲጣበቁ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል፤ ፋራዴይ ጨው ጨምሮ ያየው ይህንን ነው። እንግዲህ የፈሳሹ ቀለም ራሱ ስለ ዕቃው ደኅንነት ይናገራል። ቀይ ከሆነ ቅንጣቶቹ ተለያይተው ይኖራሉ፤ ሰማያዊ ከሆነና ከታች ጥቍር አተላ ካስቀመጠ ተበላሽቷል፤ ቢበጠብጡትም አይመለስም።

ሌላው ጠባይ ሙቀትን ይመለከታል። ማንኛውም አንጥረኛ ወርቅ በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚቀልጥ ቁጥሩን ባያውቅ እንኳ በእሳቱ ኃይል ያውቀዋል። ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ስፋት ያላት ቅንጣት ግን ከዚያ በመቶዎች ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት ትቀልጣለች። ምክንያቱም ከአቶሞቿ ብዙዎቹ በገጿ ላይ ስለሚገኙና በገጽ ላይ ያለ አቶም በሁሉም በኩል በጎረቤት ስላልተያዘ ነው።

ወደ አሠራሩ ስንመለስ፣ ዛሬም ብዙ የሚሠራበት ዘዴ በ1951 ጆን ተርኬቪች ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ አገር ያሳተመው ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ወርቅ ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና አንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ በተቀላቀለበት፣ «ንጉሣዊ ውሃ» በሚባለው ብርቱ አሲድ ይሟሟል። ከዚህ የሚገኘው ቢጫ የወርቅ ጨው ክሎሮኦሪክ አሲድ ይባላል፤ ቆዳን የሚያቃጥልና እርጥበትን ከአየር የሚስብ ስለ ሆነ አያያዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከሚዛኑም ግማሽ ያህሉ ብቻ ወርቅ ነው። ከዚህ ጨው አንድ አሥረኛ ግራም በአንድ ሊትር በተጣራ ውሃ ይሟሟና ይፈላል። በሚፈላው ላይ ከሎሚ ኮምጣጤነት ከሚታወቀው አሲድ የሚሠራ ሶዲየም ሲትሬት የተባለ ጨው ተሟሙቶ ይጨመርበታል። ፈሳሹ መጀመሪያ ቢጫነቱን ያጣል፤ ቀጥሎ ወደ ጥቍር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ቀይ ይሆናል። ሲትሬቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ወርቁን ከጨውነት ወደ ብረትነት ይመልሰዋል፤ በሌላ በኩል በእያንዳንዷ ቅንጣት ላይ ተለጥፎ አሉታዊ ኤሌክትሪክ ስለሚያለብሳት ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ አይጣበቁም።

በ1973 ፍሬንስ የተባለው ሊቅ የሲትሬቱን ልክ በመለዋወጥ የቅንጣቱን መጠን መወሰን እንደሚቻል አሳየ። በአንድ ሊትር የወርቅ ፈሳሽ ላይ በመቶ አንድ እጅ የሆነ ሲትሬት 20 ሚሊ ሊትር ሲጨመር 16 ናኖሜትር ያህል ቅንጣት ይገኛል፤ በግማሽ ቀንሶ 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን ደግሞ 41 ናኖሜትር ያህል። ያው አንድ ሊጥ ለጥቂት ዳቦ ሲከፈል እያንዳንዱ ዳቦ ትልቅ እንደሚሆን ያለ ነገር ነው። ሲትሬቱ ሲያንስ የሚጀምሩት ቅንጣቶች ጥቂት ስለሚሆኑ ወርቁን ሁሉ እነዚያው ይካፈሉታል። ከዚህ ሌላ በ1994 ብሩስትና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር ድኝ ያለበት ሽፋን የለበሱ፣ ደርቀው ዱቄት ከሆኑ በኋላ እንደገና በፈሳሽ ሊበተኑ የሚችሉ ቅንጣቶችን ሠርተዋል።

አሠራሩ በጽሑፍ ሲነበብ ቡና ከማፍላት የማይበልጥ ይመስላል። ዋጋው የሚመጣው ከሌላ ነው። ብርጭቆው በንጉሣዊ ውሃ ካልታጠበ፣ ውሃው የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ ማማሰሉ ከዘገየ፣ ቅንጣቶቹ አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ ይሆናሉ። በዚህ ሊትር ውስጥ ያለው ወርቅ ከግራም ሃያኛ እጅ (0.05 ግራም) ብቻ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካው በሚመጣው ፋክቱር ላይ የተጻፈውን ዋጋ በወርቁ ሚዛን አካፍሎ «ተዘረፍን» ማለት የዕቃውን ዐይነት አለማወቅ ነው። የሚከፈለው ለእኩልነቱ ነው፤ ወርቁማ ከአንጥረኛም ይገኛል።

ለነጋዴው ዋናው ጉዳይ ግን መመርመሪያው ነው። የወባ ወይም የእርግዝና መመርመሪያ የፕላስቲክ ሽፋኑ ቢከፈት በውስጡ ተያይዘው የተለጠፉ ጠባብ የወረቀት ዐይነቶች ይገኛሉ። ደሙ ወይም ሽንቱ በመጀመሪያው ላይ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው ላይ ብዙውን ጊዜ 40 ናኖሜትር ያህል የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች ደርቀው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ፀረ እንግዳ አካል የተባለውን ፕሮቲን ለብሳለች። ይህ ፕሮቲን የሚፈለገውን ነገር ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነው፤ በእርግዝና መመርመሪያ ሆርሞኑን፣ በወባ መመርመሪያ የወባ ተውሳክ የሚያወጣውን ፕሮቲን ይይዛል። ፈሳሹ ወርቁን አንሥቶ በናይትሮሴሉሎስ ወረቀት ላይ እየተሳበ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ በዐይን በማይታይ መስመር የተሰመረ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ይጠብቀዋል። ወርቁ የሚፈለገውን ይዞ ከመጣ እዚያ ይታሰራል፤ ቅንጣቶቹ በሚሊዮኖች ሲሰበሰቡ ቀዩ መስመር ይታያል። ይዞ ካልመጣ አልፎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለተኛ መስመር መቆጣጠሪያ ነው፤ ወርቁን በማንኛውም ጊዜ ያስቀረዋል። (በሰማያዊ መስመር የሚሠሩ አንዳንድ መመርመሪያዎች በወርቅ ፈንታ ቀለም የተነከረ የላቴክስ ቅንጣት ይጠቀማሉ።)

በአንድ መመርመሪያ ውስጥ ያለው ወርቅ ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው። ከአንድ ግራም ወርቅ ከመቶ ሺህ በላይ መመርመሪያ ሊወጣ ይችላል። አሮጌ መመርመሪያ ሰብስቦ ወርቁን ለማውጣት የሚያስብ ቢኖር የአሲዱ ዋጋ ከወርቁ ዋጋ እጅግ እንደሚበልጥ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ኢትዮጵያ ወርቅን በኪሎ ወደ ውጭ ትልካለች፤ በማይክሮግራም ደግሞ በወረቀት ላይ ለጥፈው ይመልሱላታል።

እዚህ ላይ አስመጪውና ባለ መደብሩ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በመመርመሪያው ውስጥ ወርቁ አይበላሽም፤ የሚበላሸው ወርቁ የለበሰው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን እንደ እንቍላል ሙቀት ይለውጠዋል። ብዙዎቹ የእርግዝና መመርመሪያዎች ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲቀመጡ በማሸጊያው ላይ ተጽፎባቸዋል፤ ከወባ መመርመሪያዎች መካከል እስከ 40 ዲግሪ የሚችሉ አሉ። በጂቡቲ ወደብ ግን በሞቃቱ ወራት የጥላው ሙቀት ብቻውን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በፀሐይ የቆመ የብረት ኮንቴይነር ውስጡ ከዚያም የበለጠ ይግላል። ወረቀት አልተሟላም ተብሎ ሳምንት የቆመ ጭነት፣ ካርቶኑ ሳይቀደድ፣ ማሸጊያው ሳይነካ፣ ጊዜውም ሳያልፍ ውስጡ ሊዳከም ይችላል። ወባ የሚበረታው በቆላ ነው፤ መመርመሪያውም የሚፈለገው እዚያው በሙቀቱ አገር ነው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር መደርደሪያ ላይ ወራት የሚያሳልፍ ዕቃ ስለ ሆነ ጉዞው ወደቡን በማለፉ ብቻ አልተፈጸመም።

ደግሞም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ይህ ነው። መቆጣጠሪያው መስመር መታየቱ ፈሳሹ መሄዱንና ወርቁ መነሣቱን ያሳያል እንጂ፣ የምርመራው መስመር ፕሮቲን ኃይሉ እንዳልደከመ አያረጋግጥም። ስለዚህ በሙቀት የተጎዳ መመርመሪያ መቆጣጠሪያውን መስመር አሳምሮ እያሳየ፣ የወባውን መስመር ሊያስቀር ይችላል። በሽተኛው «ወባ የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። በጨርቅ ንግድ የተበላሸ ዕቃ የሚያመጣው ኪሣራ የገንዘብ ነው፤ በዚህ ንግድ ግን ኪሣራው በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ያርፋል፤ ገዥውም ተመልሶ አይከስም፤ ምክንያቱን አያውቀውምና።

እርጥበትም እንዲሁ ጠላት ነው። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ የሚገኘው ትንሽ የማድረቂያ ፓኮ ለማስጌጥ የገባ አይደለም፤ ከረጢቱ ከተከፈተ መመርመሪያው ወዲያው መሠራት አለበት። ችርቻሮ ለማመቻቸት ሲባል ከረጢቱን ቀድሞ መክፈት የዕቃውን ዋጋ ማጥፋት ነው። ለላቦራቶሪ በፈሳሽ መልኩ የሚመጣውን የወርቅ ኮሎይድ በሚመለከት ደግሞ ፍርሃቱ ሙቀት ብቻ አይደለም። በማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ሲገባው በረዶ ከሆነ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ፤ ሲቀልጥም ቀዩ አይመለስም። ተጠንቅቆ ከሥጋ ጋር በበረዶ ቤት ያስቀመጠ ሰው በጥንቃቄው ዕቃውን አጠፋ ማለት ነው።

መመርመሪያው ደኅና ሆኖ ሳለ የሚሳሳትበት አንድ ሌላ መንገድም አለ። የፋልሲፓረም ወባን የሚፈልጉት ብዙዎቹ መመርመሪያዎች ኤች አር ፒ 2 የተባለውን የተውሳኩን ፕሮቲን ይይዛሉ። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘር ያጡ የወባ ተውሳኮች በኤርትራ፣ ቀጥሎም በኢትዮጵያ ተገኝተዋል፤ በ2021 የታተመው ጥናት ትግራይን፣ አማራንና ጋምቤላን ያጠቃለለ ነበር። እንዲህ ያለውን ተውሳክ ወርቁ የሚይዝበት ነገር ስለሌለ መስመሩ አይወጣም። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ችግሩ ከ5 በመቶ በሚበልጥበት ስፍራ በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ ያልተመሠረተ መመርመሪያ እንዲገባ መክሯል። አስመጪው «የወባ መመርመሪያ» ብሎ ብቻ ማዘዙ እንግዲህ አይበቃውም፤ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚይዝ በፕሮፎርማው ላይ ማጻፍ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚመለከተው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ ፈቃዱ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይጠየቃል።

የጉምሩክ ነገርም አለ። ወርቅ የሚል ቃል በፋክቱር ላይ ሲታይ ዕቃው ከጌጥ ወርቅ ጋር እንዳይደባለቅ መጠንቀቅ ያሻል። በዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ መጽሐፍ ተራው ወርቅ በ71.08 ሲገኝ፣ የከበሩ ብረታ ብረቶች ኮሎይድና የወርቅ ጨዎች ያሉት በ28.43 ነው። በ2022 በተሻሻለው መጽሐፍ ደግሞ የወባ መመርመሪያ ራሱን የቻለ ንዑስ ቍጥር፣ 3822.11፣ ተሰጥቶታል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው መጠሪያ ከነዚህ ጋር ካልተስማማ የመጨረሻው ውሳኔ የጉምሩክ ቢሆንም፣ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ዕቃው የሚቆምበት ስፍራ ከላይ የተነገረለት ሙቀት ያለበት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ስለ ሌሎቹ ጥቅሞች በአጭሩ ለመናገር፣ ወርቅ ከምንም ነገር ጋር የማይዋሐድ ሰነፍ ብረት ነው ሲባል ኖሮ፣ በ1987 ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታ ረቂቅ የወርቅ ቅንጣት መርዘኛውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለውጥ አሳየ። እንግሊዛዊው ግራሃም ሃቺንግስ ደግሞ ለፕላስቲክ ቧንቧ መሥሪያ የሚሆነውን ቪኒል ክሎራይድ ከአሴቲሊን ለማውጣት ወርቅ ከሜርኩሪ እንደሚሻል አስረዳ። በቻይና አገር ይህ ኢንዱስትሪ ከድንጋይ ከሰል ተነሥቶ በሜርኩሪ ሲሠራ የኖረ ነው። ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት በ2017 ጸንቷል፤ በወርቅ የሚሠራው ዘዴም ወደ ፋብሪካ ገብቷል። የቧንቧና የፕላስቲክ ነጋዴዎች ስለዚህ ነገር ወደ ፊት መስማታቸው አይቀርም። በሕክምና ረገድ፣ ወርቅ የለበሱ የሲሊካ ቅንጣቶችን ወደ ሰውነት አስገብቶ በጨረር በማሞቅ የፕሮስቴት ካንሰርን ለማቃጠል በአሜሪካ የተደረገ ሙከራ ውጤቱ በ2019 ታትሟል። ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም ሙከራ ነው፤ በመደብር የሚሸጥ መድኃኒት አይደለም።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው ሌላ ዐይነት ንግድ ስለ ተነሣ ነው። «ናኖ ወርቅ» የሚል ስም የተጻፈባቸው የፊት ቅባቶችና የሚጠጡ ፈሳሾች በየአገሩ ይሸጣሉ፤ ቆዳን ያድሳል፣ ዕድሜን ያረዝማል የሚለው ማስታወቂያቸው ግን በበቂ ማስረጃ የተደገፈ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የሳይንስ ኮሚቴ የናኖ ወርቅን ደኅንነት በ2021 መርምሮ፣ የቀረበለት ማስረጃ ደኅንነቱን ለማረጋገጥ እንዳልበቃ ገለጸ። ከዚህም የተነሣ ኅብረቱ በ2024 ባወጣው ደንብ ቁጥር 2024/858 ናኖ ወርቅና የወርቅ ኮሎይድ በመዋቢያ ዕቃዎች ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ። ከየካቲት 1 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ ዕቃ ወደ ገበያ ማውጣት ቀረ፤ ከኅዳር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ቀድሞ የወጣውም እንዳይሸጥ ሆነ። (ወሮቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪና ኖቬምበር ናቸው።) ልምድ ያለው ነጋዴ ከዚህ የሚከተለውን መገመት አያዳግተውም። በአንድ ታላቅ ገበያ የተከለከለ ዕቃ ግምጃ ቤት ሞልቶ ሲቀር፣ ሌላ ገበያ በቅናሽ ይፈለግለታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከአውሮፓ የመጣ የቅናሽ ፕሮፎርማ ሲቀርብ፣ በዝርዝሩ ውስጥ «ጎልድ» ወይም «ኮሎይዳል ጎልድ» ከሚለው ቃል አጠገብ «ናኖ» የሚል ተጨምሮ እንደሆነ መመልከት ይገባል።

ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት አንድ ቀላል ምልክትም አለ። የሚያብረቀርቅ ቢጫ ብናኝ የሚታይበት ቅባት የወርቅ ቅጠል ፍርፋሪ ወይም ቀለም የተቀባ ሚካ ይኖርበት ይሆናል እንጂ፣ ያ የሚያብረቀርቀው ነገር ናኖ ወርቅ አይደለም። እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይዞ «በወርቅ ቅንጣት የተሞላ ነው» የሚል ሻጭም ቀዩን ቀለም ወዴት እንዳደረሰው ሊጠየቅ ይገባዋል።

ለላቦራቶሪ ወይም ለመመርመሪያ ፋብሪካ ይህን ዕቃ የሚያዝ ሰው ከሻጩ የሚጠይቃቸው ነገሮች በሚዛን የሚገለጹ አይደሉም። የቅንጣቱ አማካይ ስፋት በናኖሜትር ስንት ነው? ከአማካዩ የሚወጣው ልዩነት በመቶኛ ስንት ነው? ብርሃን የመዋጥ ልኩ፣ በነጋዴዎች አነጋገር ኦ ዲ የሚሉት፣ በስንት ናኖሜትር ሞገድ ተለካ? ገጹን የሸፈነው ሲትሬት ነው ወይስ ሌላ? የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን መቼ ነው? በመንገድ ላይ ሙቀቱን የሚመዘግብ መሣሪያ ከጭነቱ ጋር ይላካል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የመመርመሪያ አስመጪዎችንም ይመለከታል፤ መሣሪያው የሚያስወጣው ገንዘብ ከጭነቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ በጂቡቲ የቆየው ኮንቴይነር ሲከፈትም ስንት ቀን በስንት ዲግሪ እንደ ቆመ ይነበብበታል።